ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ የእንቁላል ጤንነትና የተወረሰ ትምህርት፦ ከጪጩ ሲታይ

መግቢያ

በሕክምና ትምህርት ውስጥ አንዳንድ አባባሎች ከመምህር ወደ ተማሪ፣ ከተማሪም ወደ ታካሚ ሲተላለፉ ማስረጃቸው ሳይጠየቅ ዕድሜያቸው ይረዝማል። ኢንዶሜትሪዮሲስን በሚመለከት እንዲህ ካሉት አባባሎች ሦስቱ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ ሥር የሰደዱ ናቸው። የመጀመሪያው በሽታውን የነጮች ወይም ተምረው ዘግይተው የሚወልዱ ሴቶች በሽታ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው ለወር አበባ ሕመም «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚል ምክር ይሰጣል። ሦስተኛው በኦቫሪ ላይ በአልትራሳውንድ የታየ እብጠት ሁሉ ሳይውል ሳያድር በቀዶ ሕክምና ይውጣ ይላል። ሦስቱም አባባሎች ከየት እንደመጡ ሲመረመር ከፊል እውነት ያላቸው ሆነው ይገኛሉ፤ ጉዳታቸውም ከዚሁ ከፊል እውነትነታቸው የሚመነጭ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሦስቱን አባባሎች ከታተሙ ጥናቶችና የአውሮፓ የሰው ልጅ ሥነ ተዋልዶና የፅንስ ጥናት ማኅበር፣ በአጭሩ ኢሽሬ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ካወጣው መመሪያ ጋር እያነጻጸረ ይመዝናል። ለምዘናው መቆሚያ የተመረጠችው ጪጩ ናት። ጪጩ በጌዴኦ ዞን፣ ከዲላ ከተማ ብዙም ሳትርቅ፣ በቡናና በእንሰት መካከል የምትገኝ ሥፍራ ናት። ከጪጩ የምትነሣ ታካሚ የማኅፀን ሐኪም ለማግኘት ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ከሰውነት ውጭ የሚደረግ ጽንሰት ካስፈለጋት ደግሞ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ እስከ አዲስ አበባ መሄድ ይኖርባታል። በትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ሁሉም መሣሪያ በእጅ ሆኖ የሚነበብ መመሪያ በጪጩ ሲነበብ ሌላ መልክ ይኖረዋል።

የጽሑፉ መከራከሪያ አጭር ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ ላለባት ሴት የመውለድ ዕድል ሁለት ሀብቶች ወሳኝ ናቸው፤ አንዱ በኦቫሪዋ ውስጥ ያለው የእንቁላል ክምችት፣ ሌላው ጊዜዋ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አባባሎች ጊዜዋን፣ ሦስተኛው ክምችቷን ያባክናሉ። ይህን ብክነት ለመግታት የሚያስፈልገው የመጀመሪያ እርምጃ ደግሞ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊፈጸም የሚችል ነው።

የበሽታው ጠባይ ባጭሩ

እንደሚታወቀው ኢንዶሜትሪዮሲስ የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማኅፀን ውጭ በቅሎ የሚገኝበት ሥር የሰደደ በሽታ ነው። በብዛት የሚታየው በዳሌ ውስጥ ባለው የሆድ ዕቃ ሽፋን፣ በኦቫሪና በማኅፀን ጅማቶች ላይ ሲሆን አንዳንዴ አንጀትንና የሽንት ፊኛን ይነካል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሳምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1927 ባቀረበው መላምት መሠረት የወር አበባ ደም በቱቦዎቹ በኩል ወደ ኋላ ፈስሶ ሕዋሳትን በሆድ ዕቃ ውስጥ ይዘራል። ይሁን እንጂ ደም ወደ ኋላ መፍሰሱ በአብዛኞቹ ሴቶች ዘንድ የሚከሰት በመሆኑ ይህ መላምት በሽታው ለምን በጥቂቶቹ ላይ ብቻ እንደሚጸና ሙሉ መልስ አይሰጥም። የበሽታ መከላከያ ሥርዓት፣ የሆርሞንና የዘር ውርስ ድርሻ የሚጠናውም በዚህ ምክንያት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታው የተያዙትን በመውለድ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ፣ በቁጥርም 190 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ይገምታል። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር ባሳተማቸው ጽሑፎች ደግሞ ጤናማ ጥንዶች በአንድ ወር ውስጥ የመፀነስ ዕድላቸው ከ15 እስከ 20 በመቶ ሲሆን ኢንዶሜትሪዮሲስ ባለባቸው ሴቶች ግን ከ2 እስከ 10 በመቶ እንደሚወርድ ተመልክቷል። እነዚህ ቁጥሮች ሲጠቀሱ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ቁጥሮቹ በአመዛኙ የተገኙት ሕክምና ፍለጋ ወደ ልዩ ክሊኒክ ከሄዱ ሴቶች ነው። በሽታው ኖሮባቸው ያለ ችግር የወለዱ ሴቶች በስሌቱ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ «ኢንዶሜትሪዮሲስ አለብሽ» ማለት «አትወልጂም» ማለት እንዳልሆነ ባለሙያው አስቀድሞ ሊያውቅና ለታካሚዋም ሊነግር ይገባል።

«የእኛ ሴቶች በሽታ አይደለም»

የመጀመሪያው አባባል ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በቦስተን ይሠራ የነበረው ጆ ሜግስ በሽታው በግል ከፍለው በሚታከሙ ሴቶች ላይ በብዛት መታየቱን አስተውሎ ምክንያቱን ከዘገየ ጋብቻና ከዘገየ ወሊድ ጋር አያያዘው፤ መከላከያውም ቶሎ አግብቶ ቶሎ መውለድ እንደሆነ ጻፈ። በዚያ ዘመን ሆዳቸው ተከፍቶ የታየላቸው እነማን እንደነበሩ ግን ድምዳሜው በበቂ አልጠየቀም። የሚመረመር ሰው ላይ በሽታ ይገኛል፤ ያልተመረመረ ሰው «የለበትም» ይባላል።

ይህን ስሕተት በግልጽ ያሳየው ዶናልድ ቻትማን እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተመው አጭር ጽሑፍ ነው። ቻትማን በቺካጎ በላፓሮስኮፒ ካያቸው 190 ጥቁር ሴቶች ከአምስት አንዷ በላይ ኢንዶሜትሪዮሲስ እንዳለባት አገኘ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ቀደም ሲል የዳሌ ውስጥ ኢንፌክሽን አለባችሁ ተብለው የታከሙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ የጥናቶች ስብስብ ትንተና ጥቁር ሴቶች ከነጮች ጋር ሲነጻጸሩ በበሽታው የመመዝገብ ዕድላቸው በግማሽ ያህል ዝቅ ያለ መሆኑን ቢያሳይም፣ በአግባቡ መነበብ ያለበት «የመመዝገብ» የሚለው ቃል ነው። መዝገቡ የበሽታውን ሥርጭት ብቻ ሳይሆን የመርማሪውን ጥርጣሬም ይለካልና።

ወደ አፍሪካ ሲመጣ ሌላ ታዋቂ ጽሑፍ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1985 ላንሴት በተባለው መጽሔት የወጣውና «አፍሪካ የተለየች ናትን?» የሚል ጥያቄ በርእሱ ያነገበው ይህ ጽሑፍ በዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ላይ ተመሥርቶ በአፍሪካ የመካንነት ዋነኛ መንስኤ ከኢንፌክሽን የሚመጣ የቱቦ ጉዳት መሆኑን አሳየ። ግኝቱ ትክክለኛና ጠቃሚ ነበር፤ የአባላዘር በሽታዎችን፣ ንጽሕና የጎደለውን ወሊድና ውርጃን የመከላከል ሥራ ክብደት እንዲያገኝ ረድቷል። ጉድለቱ የተፈጠረው ግኝቱ ወደ ዕለት ተዕለት ሥራ ሲወርድ ነው። «አብዛኛው» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ «ሁሉም» ወደሚል ተለወጠ። የሆድ ሕመም ያላትና ያልፀነሰች ሴት በመጣች ቁጥር ኢንፌክሽን ተብላ ትታከም ጀመር። ቻትማን በቺካጎ ያየው ስሕተት በሌላ አህጉር መልሶ የሚበቅለው በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ኢትዮጵያ አንድ ተጨማሪ መከራከሪያ ይቀርባል፤ ሴቶች ቶሎ አግብተው ቶሎ ስለሚወልዱ በሽታው አይኖርም የሚል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ግማሽ ያህሉ በ17 ዓመታቸው ገደማ ማግባታቸውንና አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጆች እንደምትወልድ አሳይቷል። ይህ አማካይ ቁጥር ብዙ የወለደችውንና አንድም ያልወለደችውን በአንድ ላይ ደምሮ የተገኘ ነው። በአማካዩ ውስጥ የተደበቀችው ያልወለደችው ሴት ናት። ብዙ በሚወለድበት አካባቢ ደግሞ አለመውለድ ከባድ ማኅበራዊ ዋጋ ያስከፍላል፤ ጋብቻ ይፈርሳል፣ የመሬትና የውርስ ጥያቄ ይነሣል፣ ባልየው ሳይመረመር ጥፋቱ በሚስት ላይ ይወድቃል። ስለሆነም በሽታው ብዙ ይሁን ጥቂት፣ በጪጩ ያላት አንዲት ታካሚ የምትጠይቀው ጥያቄ ክብደቱ አይቀንስም።

«ስትወልጂ ይተውሻል»

ሁለተኛው አባባል የሜግስ ትምህርት ልጅ ነው። እርግዝና የወር አበባን ስለሚያቆም በእርግዝናና በጡት ማጥባት ጊዜ ሕመሙ ጋብ ማለቱ ይታያል። ይሁን እንጂ ጋብ ማለት መዳን አይደለም። የኢሽሬ መመሪያ እርግዝና ሁልጊዜ ምልክቶችን እንደማያሻሽልና የበሽታውን ዕድገት እንደማይገታ ገልጾ፣ ሴቶች በሽታውን ለማከም ሲሉ ብቻ እንዲያረግዙ ሊመከሩ እንደማይገባ በማያሻማ ቃል አስፍሯል።

ምክሩ በሁለት አቅጣጫ ይጎዳል። ለአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጃገረድ ሲሰጥ ከትምህርት ቤት የሚያስቀራትን ሕመም እንደ ተፈጥሮ ሥርዓት እንድትቀበል፣ አልፎም ያለ ዕድሜ ጋብቻን እንደ መድኃኒት እንድታየው ያደርጋል። ለሠላሳ ዓመቷ ያልወለደች ሴት ሲሰጥ ደግሞ ያጣችውን ነገር ራሱን መድኃኒትሽ ነው ብሎ እንደመመለስ ይቆጠራል። በሁለቱም ጊዜ የሚጠፋው ጥያቄው ነው፤ ሕመሙ መቼ ጀመረ? በምን ይብሳል? የሚለው ሳይጠየቅ ይቀራል።

እንቁላሉ ላይ የሚደርሰው ጉዳት

በዚህ በሽታ ዙሪያ ከተጻፉት ሁሉ ለስሕተት የተጋለጠው የእንቁላል ጥራት የሚባለው ጉዳይ ነው። ቃሉ ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል፤ የእንቁላሎቹ ብዛት፣ እስከ መጨረሻው መብሰላቸው፣ በወንድ ዘር የመዳበር ብቃታቸውና ክሮሞሶማቸው የተስተካከለ መሆኑ። ጥናቶቹ እርስ በርስ የሚጋጩ የሚመስሉት አንዱ ስለ ብዛት፣ ሌላው ስለ ክሮሞሶም ሲናገር ሁለቱም «ጥራት» የሚለውን ስም ስለሚጠቀሙ ነው።

እንቁላሉ መጎዳቱን ያመለከተው ቀዳሚ ማስረጃ ከስፔን የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሞንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባቸው ሴቶች ከጤናማ ለጋሾች እንቁላል ሲቀበሉ ጽንሱ በማኅፀናቸው የመጽናት ዕድሉ ከሌሎች ተቀባዮች አላነሰም። እንቁላሉ ኢንዶሜትሪዮሲስ ካለባት ለጋሽ ሲመጣ ግን የመጽናት ዕድሉ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሌላ ጥናት ከአንዲት ለጋሽ የተገኙ እንቁላሎችን ከፍ ያለ ደረጃ ኢንዶሜትሪዮሲስ ላላቸውና ለሌላቸው ተቀባዮች አካፍሎ ሲያነጻጽር በውጤቱ ልዩነት አላገኘም። የሁለቱ ጥናቶች ንድፍ ብልሃት የታከለበት ነው፤ ማኅፀኑንና እንቁላሉን ለየብቻ መዝነዋልና። ጥርጣሬው ወደ እንቁላሉ ያዘነበለውም ከዚያ ወዲህ ነው። ነገር ግን የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ ስለነበር እንደ መጨረሻ ፍርድ ሊወሰዱ አይችሉም።

ጉዳቱ በምን መንገድ እንደሚደርስ የሚያስረዱ ግኝቶች አሉ። በኦቫሪ ውስጥ የሚፈጠረው ኢንዶሜትሪዮማ፣ በተለምዶ የቸኮሌት ሲስት የሚባለው፣ ያረጀ ደም የቋጠረ በመሆኑ ከፍተኛ መጠን ያለው ብረት ይይዛል። ነጻ የሆነ ብረት ሕዋስ ጎጂ የኦክስጅን ውሑዶችን ያመነጫል። እንቁላሉ በሚያድግበት ፈሳሽ ውስጥም የብግነት መልእክተኞች መጠን ከፍ ብሎ ይገኛል። በዙሪያው ያለው የኦቫሪ ሕብረ ሕዋስ በጠባሳ ይተካል፤ በእንቅልፍ ላይ ያሉ እንቁላሎችም ያለ ጊዜያቸው ነቅተው እንዲያልቁ ይገፋል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። በመሆኑም ከሰውነት ውጭ ለሚደረግ ጽንሰት በሚደረግ ሕክምና ከእነዚህ ሴቶች የሚሰበሰቡት እንቁላሎች፣ በተለይም የበሰሉት፣ በቁጥር ያነሱ ሆነው ይታያሉ።

ወደ ሌላኛው አቅጣጫ የሚጎትቱ ማስረጃዎችም ቀላል አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ኢንዶሜትሪዮሲስ ካለባቸው ሴቶች የተገኙ ጽንሶች የክሮሞሶም መዛባት መጠን በዕድሜ ከሚመሳሰሏቸው ሌሎች ሴቶች ጽንሶች የተለየ አለመሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጣሊያን ጥናት ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ ኢንዶሜትሪዮማ ያለባቸውን ሴቶች ተከታትሎ፣ የታመመው ኦቫሪ ከጤነኛው ጋር በተቀራራቢ መጠን እንቁላል እንደሚያወጣና ብዙዎቹም ያለ ሕክምና እንደፀነሱ ዘግቧል።

ማስረጃዎቹ በአንድነት ሲነበቡ የሚሰጡት ሥዕል ይህ ነው፤ በሽታው፣ በተለይ ኦቫሪን ሲይዝ፣ የእንቁላልን ቁጥር ይቀንሳል፣ መብሰሉንም ሊያውክ ይችላል። በስሎና ዳብሮ ጽንስ የሆነው ግን በክሮሞሶም ረገድ በዕድሜዋ ካለች ሌላ ሴት ጽንስ የከፋ ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ የለም። የክሮሞሶምን ጤንነት በዋነኛነት የሚወስነው ዕድሜ ነው። ስለዚህ ለታካሚዋ «እንቁላልሽ ተበላሽቷል» ብሎ መንገር በሳይንስም ሆነ በሰብአዊነት አይደገፍም። ተገቢው አነጋገር «ክምችትሽ ከእኩዮችሽ ፈጥኖ ሊያልቅ ስለሚችል ጊዜ አናባክን» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ተስፋ ያስቆርጣል፤ ሁለተኛው ያስነሣል። እንቁላልን ያድሳሉ ተብለው የሚሸጡ ልዩ ልዩ ቫይታሚኖችም ይህን ጥቅም የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ ስለሌላቸው የታካሚዋን ገንዘብ ከሪፈራል መጓጓዣዋ ላይ እንዳይቀንሱ ማስገንዘብ ይገባል።

ቀዶ ሕክምናና ክምችቱ

ሦስተኛው አባባል፣ የታየ ሲስት ሁሉ ይውጣ የሚለው፣ ከፊል እውነቱን ያገኘው ከቆዩ ጥናቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ቤሬታና ባልደረቦቹ ኢንዶሜትሪዮማን ከነሽፋኑ ማውጣትን ከፍቶ ማፍሰስና ማቃጠል ከሚባለው ዘዴ ጋር ሲያነጻጽሩ በ24 ወራት ውስጥ በመጀመሪያው ዘዴ 66.7 በመቶ፣ በሁለተኛው 23.5 በመቶ መፀነሳቸውን ዘገቡ። መጠነኛ በሽታን በተመለከተም እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የካናዳ ጥናት በ341 ሴቶች ላይ ተካሂዶ፣ ቁስሎቹ በላፓሮስኮፒ የተወገዱላቸው 30.7 በመቶ፣ ታይተው የተተዉት 17.7 በመቶ መፀነሳቸውን አሳይቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ በጣሊያን የተካሄደ አነስተኛ ጥናት ግን ይህን ጥቅም አላገኘም።

እነዚህ ውጤቶች በችኮላ ሲነበቡ «መቅደድ ይጠቅማል» የሚል ስሜት ይሰጣሉ። የቤሬታ ጥናት ያነጻጸረው ግን ሁለት የቀዶ ሕክምና ዘዴዎችን ነው፤ ቀዶ ሕክምናን ካለመቅደድ ጋር አላነጻጸረም። የተለካውም እርግዝና እንጂ የቀረው ክምችት አልነበረም። የእንቁላል ክምችትን የሚያመለክተው ኤ ኤም ኤች የተባለው ሆርሞን መለካት ከተለመደ በኋላ የታየው አሳሳቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የጥናቶች ስብስብ ትንተና ኢንዶሜትሪዮማ ከወጣ በኋላ የዚህ ሆርሞን መጠን በአማካይ 38 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሲስቱ ሽፋን ከኦቫሪው ሕብረ ሕዋስ ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር አብረውት እንቁላሎች ይወጣሉ፣ ደም ለማቆም የሚደረገው ማቃጠልም የቀረውን ይጎዳል። ሲስቱ በሁለቱም ኦቫሪዎች ላይ ሲሆን ወይም ቀዶ ሕክምናው ሲደገም ኪሳራው ይከፋል።

የኢሽሬ መመሪያ ከዚህ ተነሥቶ ከሰውነት ውጭ ለሚደረግ ጽንሰት ለምትዘጋጅ ሴት የመውለድ ዕድሏን ለማሻሻል ተብሎ ኢንዶሜትሪዮማ እንዳይወጣ ይመክራል። በተፈጥሮ መንገድ ለመፀነስ ለምትሞክር ሴት ቀዶ ሕክምና ሊታሰብ እንደሚችል፣ ከተሠራም ሽፋኑን በጥንቃቄ ማውጣት እንደሚሻል ያክላል። ከጪጩ አንጻር ሲታይ ግን በሁለቱ ምክሮች መካከል ክፍተት አለ። የመጀመሪያው ምክር ሴቲቱ ወደ ጽንሰት ማእከል ለመድረስ አቅም እንዳላት ይገምታል። በኢትዮጵያ በመንግሥት ተቋም ደረጃ የመጀመሪያው የሆነው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማእከል ሥራ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። መከፈቱ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም ለቡና አምራች ቤተሰብ የመጓጓዣው፣ የማረፊያውና የመድኃኒቱ ወጪ ከአንድ የቡና ምርት ገቢ ጋር የሚመዘን ነው። ማእከሉ ዘንድ መድረስ ለማትችል ሴት በጥንቃቄ የተሠራ አንድ ቀዶ ሕክምና ተገቢ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ በግድየለሽነት የተሠራ ከሆነ ግን የመጨረሻ ዕድሏን ይወስዳል። ውሳኔው በሲስቱ መጠን ብቻ ሳይሆን በዕድሜዋ፣ በሕመሟ፣ በሌላኛው ኦቫሪ ሁኔታና በአቅሟ ላይ መመሥረት አለበት።

መመሪያው የሰጠውና ያጎደለው

የመመሪያው ትልቁ ለውጥ ላፓሮስኮፒን ከብቸኛ የምርመራ ዳኝነት ማውረዱ ነው። ለረጅም ዘመን በዐይን ታይቶ፣ ናሙናም ተወስዶ ካልተረጋገጠ በሽታው አለ አይባልም ነበር። አሁን ላፓሮስኮፒ የሚታሰበው ምስል ምንም ሳያሳይ ሲቀር፣ በጥርጣሬ የተሰጠ ሕክምና ሳይሠራ ሲቀር ወይም የማይመች ሲሆን ነው። ይህ ለውጥ የተጻፈው ለአውሮፓ ቢሆንም ከማንም በላይ የሚጠቅመው ላፓሮስኮፒ ለማያገኝ አካባቢ ነው። በታሪክና በምርመራ ብቻ ተመሥርቶ መጠርጠርና መጀመር ሕጋዊ ሆኗል ማለት ነው። መመሪያው የሲ ኤ 125 የደም ምርመራን ለምርመራ እንዳይጠቀሙበት መምከሩም ተገቢ ነው፤ ይህ ምልክት በመራቢያ አካላትና በሆድ ዕቃ ሳንባ ነቀርሳም ከፍ ስለሚል በኢትዮጵያ የማሳሳት ዕድሉ የሰፋ ነው።

ጉድለቱ በሌላ በኩል ነው። መመሪያው በጤና ኬላ፣ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ተዋረድ ለሚሠራ ሥርዓት አልተጻፈም። ኢንፌክሽንና የመራቢያ አካላት ሳንባ ነቀርሳ ተመሳሳይ ምልክት ይዘው በሚቀርቡበት አካባቢ ባለሙያው እንዴት ይለይ? ለሚለው ጥያቄ መልስ አይገኝበትም። የአገር ውስጡ የታችኛው ሆድ ሕመም የሕክምና ሰንጠረዥ በበኩሉ ሴፍትራያክሰን፣ ዶክሲሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል ከሰጠ በኋላ ታካሚዋ በሦስት ቀን ተመልሳ እንድትታይ፣ ካልተሻላትም ሪፈር እንድትባል ያዛል። የሰንጠረዡ ችግር አመክንዮው አይደለም፤ የመጨረሻው ሣጥኑ ብዙ ጊዜ አለመነበቡ ነው። ካልተሻላት ሪፈር የሚለው ትእዛዝ «ካልተሻላት ይደገም» ተብሎ ከተተረጎመ ጸረ ተሕዋስያኑ ዓመታትን ይበላሉ።

የጊዜ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ኢ ኤፍ አይ በመባል የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ2010 በአዳምሰንና በፓስታ የቀረበው መለኪያ ይጠቅማል። መለኪያው ከቀዶ ሕክምና በኋላ በተፈጥሮ የመፀነስን ዕድል ከ10 ነጥብ ይገምታል። ከ10ሩ 5ቱ ነጥቦች በቀዶ ሕክምና ከሚታየው ይገኛሉ፤ የቀሩት 5ቱ ግን በሦስት ጥያቄዎች ብቻ ይሰበሰባሉ። ዕድሜዋ 35 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 2፣ ከ36 እስከ 39 ከሆነ 1፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 0 ይሰጣል። ያለ መፀነስ የቆየችበት ጊዜ 3 ዓመት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 2፣ ከበለጠ 0 ነው። ከዚህ በፊት ከፀነሰች 1 ይጨመራል። ለአብነት ያህል ፀንሳ የማታውቅ፣ 34 ዓመት የሆናትና ልጅ ፍለጋ ሁለት ዓመት ተኩል የቆየች ሴት ከ5ቱ 4 ታገኛለች። ይህችው ሴት በተደጋጋሚ የጸረ ተሕዋስያን ሕክምና ሁለት ዓመት ብታሳልፍ በ36 ዓመቷ የሚቀራት 1 ነው። በሆዷ ውስጥ ያለው በሽታ አንዲት ነጥብ ሳይለወጥ እንኳ ሦስት ነጥብ አጥታለች።

በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሠራ የሚገባው

አንደኛ፣ መጠየቅ። ሕመሙ ከወር አበባ ጋር የሚመላለስ፣ ከልጃገረድነት ጀምሮ የቆየ፣ ከሥራ ወይም ከትምህርት የሚያስቀር፣ በግንኙነት ጊዜ በጥልቀት የሚሰማ፣ በወር አበባ ሰሞን ሰገራ ወይም ሽንት ሲወጣ የሚብስ ከሆነ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይጠረጠር። ትኩሳት፣ መጥፎ ፈሳሽ፣ በቅርብ የጀመረ ሕመምና የማኅፀን በር ሲነካ የሚሰማ ከፍተኛ ሕመም ደግሞ ወደ ኢንፌክሽን ያመለክታሉ። ሁለቱ አብረው ሊገኙ እንደሚችሉም አይዘንጋ። በጪጩ እነዚህ ጥያቄዎች በአማርኛ ብቻ ሲጠየቁ መልሱ ሊያጥር ስለሚችል፣ ቋንቋውን በምታውቅ አዋላጅ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አማካይነት በጌዴኡፋ፣ ባልና ቤተ ዘመድ በሌሉበት መጠየቃቸው የተሻለ ነው።

ሁለተኛ፣ ባልየውን መመርመር። የወንድ ዘር ምርመራ ርካሽ ነው፤ ለሴቲቱ ከሚደረጉት ውድና ከባድ ምርመራዎች በፊት ወይም ጎን ለጎን ይደረግ።

ሦስተኛ፣ ጊዜን መቁጠር። ከ35 ዓመት በታች የሆነች ሴት ለአንድ ዓመት ሞክራ ካልፀነሰች፣ 35 የሞላት ከስድስት ወር በኋላ ምርመራ ትጀምር። ኢንዶሜትሪዮሲስ የተጠረጠረባት ደግሞ ይህን ጊዜ ሳትጠብቅ ወደ ሆስፒታል ትላክ። በሪፈር ወረቀቱ ላይ ዕድሜዋ፣ ያለ መፀነስ የቆየችበት ዘመን፣ የቀድሞ እርግዝናና የወሰደቻቸው መድኃኒቶች ይጻፉ።

አራተኛ፣ ዓላማዋን ለይቶ ማከም። ለጊዜው መውለድ ለማትፈልግ ታካሚ በጤና ጣቢያ የሚገኙት የእርግዝና መከላከያ ክኒኖችና ፕሮጄስትሮን የያዙ መድኃኒቶች ለሕመሙ ጠቃሚ ናቸው። አሁን ልጅ ለምትፈልግ ግን ሆርሞንን የሚገቱ መድኃኒቶች የመፀነስ ዕድልን ስለማያሻሽሉ ለዚህ ዓላማ አይሰጡም። በተለይ ዲፖ የተባለው መርፌ ካቆመ በኋላ ለመፀነስ ከመጨረሻው መርፌ በአማካይ 10 ወር ያህል ስለሚወስድ ጊዜ ለሚያጥራት ሴት አይመረጥም። ለሕመሙ አይቡፕሮፌን የመሰሉ ማስታገሻዎች በወር አበባ ቀናት ይበቃሉ፤ እንቁላል በሚወጣበት ሰሞን አዘውትሮ መውሰድ ግን እንቁላሉ እንዳይወጣ ሊያውክ ይችላል።

አምስተኛ፣ አልትራሳውንድን በልኩ ማመን። የደመቀ ሳይሆን የደበዘዘ፣ ወጥ የሆነ ጥላ የሞላው ሲስት ኢንዶሜትሪዮማን ያመለክታል። ደም የቋጠረ ተራ ሲስት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ስለሚጠፋ ከቀዶ ሕክምና ውሳኔ በፊት ምርመራው ይደገም። አልትራሳውንዱ ንጹሕ መሆኑ ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ያለው ስስ ቁስል አይታይበትምና።

ማጠቃለያ

ኢንዶሜትሪዮሲስን ከልክ በላይ መጠርጠርም የራሱ ጉዳት አለው። በኢትዮጵያ ኢንፌክሽን አሁንም ከባድ የመካንነት መንስኤ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳም ሊዘነጋ አይገባም። የዚህ ሒስ ፍላጎት አንዱን ፋሽን በሌላ መተካት አይደለም። ነገር ግን ለሦስተኛ ጊዜ ለኢንፌክሽን ሕክምና የምትመለስ ሴት ስትገጥም የተሳሳተው ምርመራው ሊሆን እንደሚችል ማሰብ የባለሙያው ግዴታ ነው።

የእንቁላል ክምችት ካለቀ የሚተካው መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። ቀዶ ሐኪሙ የሚያተርፈው ኦቫሪና ጤና ጣቢያው የሚያተርፈው ዓመት ለታካሚዋ እኩል ዋጋ አላቸው። የመጀመሪያው ልዩ ሥልጠናና መሣሪያ ይጠይቃል። ሁለተኛው የሚጠይቀው ወንበር ስቦ ተቀምጦ ሕመምሽ መቼ ጀመረ ብሎ መጠየቅን፣ መልሱንም እስከ መጨረሻው መስማትንና በወረቀት ማስፈርን ነው፤ ይህም በጪጩ ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል።